አስረጂውና ቀይዋ

ይህ ታሪክ ከጸጉሩ እስከ ጥፍሩ እውነት ነው። አንዲት ቃል ተጨምራበት ከተገኘች ይህን የጻፈች እጅ ትድረቅ። ተቀንሶለት ከሆነ ግን የተቀነሰው ለአንባቢ ልብ ታዝኖ ነው፤ እንዳለ ቢጻፍ ወረቀቱ ራሱ በነደደ። እዚያ ክፍል ውስጥ የነበሩት ዛሬም በሕይወት አሉና የተጠራጠረ ሄዶ ይጠይቅ።

ሻምፒዮኑ የሞተው ረፋድ ላይ፣ በገዛ ቤቱ የሥራ ክፍል፣ በገዛ ወንበሩ ላይ ነው። ሻምፒዮኑ ማለት በጉብዝናው ዘመን መኪና ሲያበር ነፋስ ከኋላው ሆኖ «ኧረ ቀስ በል» እያለ የሚለምነው ሰው ነበር። ሲሸመግል ግቢው ውስጥ ከአንድ ሰፈር የሚሰፋ ጋራዥ ከፈተ። አንገቱን ለማንም ደፍቶ አያውቅም፤ ያን ዕለት ግን ደፍቶ ተገኘ። ግንባሩ ጠረጴዛው ላይ፣ ቀኝ እጁ ማጉያ መነጽር እንደጨበጠ፣ ማጅራቱ ተሰብሮ። ከፊቱ ክንድ የማትሞላ ቀይ የውድድር መኪና ሞዴል ቆማለች። ከሞዴሏ ጎን የወየበ የድሮ ዋንጫ ተቀምጧል። ሌላ ምንም የለም።

አስከሬኑን ያገኘችው ከገበያ የተመለሰችው ሚስቱ ናት። አልጮኸችም። ዘንቢሏን መሬት አስቀምጣ ስልክ ደወለች።

መርማሪዋ ወረንጦ የተጠራችው ያኔ ነው። እናትና አባቷ ያወጡላትን ስም ባሏም ሳይረሳው አይቀርም፤ ሁሉም የሚጠራት ወረንጦ እያለ ነው፤ ዓይን የማያየውን እሾህ ከሥጋ ነቅላ ስለምታወጣ። እሷ አንድ ክፍል ስትገባ አቧራው ሳይጠየቅ ቃሉን ይሰጣል ይባላል። ይህስ ማጋነን ነው፤ አቧራው መጀመሪያ ትንሽ ያንገራግራል።

አለቃዋ ቀድሟት ደርሶ ነገሩን ጨርሶታል። የጋራዡን ሽማግሌ መካኒክ በካቴና አስሮ በረንዳው ላይ አስቀምጦታል፤ የመፍቻ ቁልፎቹንም በሙሉ በከረጢት አስጭኗል።

«ትናንት በሰው ፊት ዝቶበታል። ዛሬ ግቢው ውስጥ ከሱ በቀር ሰው አልነበረም» አላት። «ከነዚህ ቁልፎች ካንዱ ላይ ደም አይጠፋም። የላቦራቶሪ ውጤቱ እስኪመጣ ነው፤ ከዚያ ወዲያ አንቺም ልታስጥይው አትችይም።»

«እስኪመጣ ድረስ ግን ልጠይቅ።»

«ጠይቂ። ዝንቡንም ጠይቂ ከፈለግሽ።»

ወረንጦ ዝንቡን ለመጨረሻ አቆይታ ከሞዴሏ ጀመረች። ጎንበስ ስትል የቀለም ማቅጠኛ ቲነር ሽታ አፍንጫዋን ወጋው። እንዲህ ያለ ሥራ አይታ አታውቅም። መኪናዋ በጣት የምትያዝ መጫወቻ ሆና ሳለ ሺህ ኪሎ ሜትር የሮጠች ትመስላለች። ኮፈኗ ጠጠር እንደመታው ተፈነጣጥሯል፤ ማርሚታዋ ተቃጥሎ ሰማያዊና ቡናማ ሆኗል፤ የዘይቱ፣ የጭቃው፣ የጥላሸቱ ጭረት ሁሉ ነፋስ እንደገፋው ወደ ኋላ ተጋድሟል። አንድ ጭረት ብቻ አልተጋደመም። በግራ በኩል፣ ከፊተኛው ጎማ በላይ ተነስቶ፣ ፀጉር አክሎ፣ ቀጥ ብሎ ወደ ታች ወርዷል። ወረንጦ በትንሿ ጣቷ ጫፍ ነካችው። ሌላው ሁሉ ደረቅ ነው። ይሄኛው ያጣብቃል።

ከዚያ በረንዳው ላይ ወጥታ ከመካኒኩ አጠገብ ተቀመጠች። ሽማግሌው እየሳለ የነገራት ሲጠቃለል እንዲህ ነበር። ሞዴሏ ቀይዋ የሚሏት የድሮ የውድድር መኪና አምሳያ ናት። ቀይዋን በዘመኗ ይነዳት የነበረው የሻምፒዮኑ ጓደኛና ተቀናቃኝ ነበር። ቀይዋን የሚጠግን ደግሞ እሱ፣ መካኒኩ። በመጨረሻው ውድድር ቀይዋ እየመራች ወደ መታጠፊያው ደረሰች፣ አልታጠፈችም፣ ገደል ገባች። ሻምፒዮኑ ዋንጫውን ወሰደ። ዓመት ሳይሞላ የሟቹን እጮኛም ወሰደ፤ ያቺ እጮኛ ናት ዛሬ የሻምፒዮኑ ሚስት። ለመካኒኩ የተረፈው ስም ነው። አገር ምድሩ «ፍሬኑን ያበላሸው» ብሎ ጠራው።

«ማንም መኪናውን አልሰጥህ አለኝ። ሻምፒዮኑ ጋራዥ ሲከፍት አዝኖልኝ አስገባኝ» አለ። «ሠላሳ ዓመት በሰው ምሕረት ኖርኩ። ምሕረት ያቃጥላል፣ ልጄ። ድንጋይ ቢወረውሩብኝ ይሻል ነበር።»

«ትናንት ምን ብለው ዛቱበት፣ ጋሼ?»

ትናንት ሞዴል ሠሪው እናቱን ይዞ ሞዴሏን ሊያስረክብ መጥቶ ነበር። ሻምፒዮኑ ያዘዘው የድሮ ነጂዎች ክለብ ላዘጋጀው ትርኢት፣ ከዋንጫው ጎን ሊያቆማት ብሎ ነው። ሁሉም ከበው እያዩ ሻምፒዮኑ መካኒኩን በዓይኑ ጠቅሶ «ፍሬኗንም እንደ ድሮዋ ፈታ አድርገህ ሠራሃት ወይ?» ብሎ ሞዴል ሠሪውን ጠየቀው። ብቻውን ሳቀ።

«ይቺን ቀልድ አንድ ቀን መልሼ አስውጥሃለሁ አልኩት። ብዬዋለሁ፤ አልክድም። ዛሬ ጠዋት ግን ኮምፕረሰሩን አስነስቼ ከጭነት መኪና ሥር ነበርኩ። ቤቱ ቢናድ አልሰማም።» ካቴናውን አነሳ አድርጎ አየው። «አንድ ሰው ገደለ ብለው ዕድሜዬን በሉት። አሁን ደግሞ ሁለተኛውን ሊጨምሩልኝ ነው። የቀረኝን ዕድሜ አይተሽ ግን አይቆጭሽ፤ ብዙ አይደለም።»

ወረንጦ ሳታስበው ትከሻውን ነካ አድርጋ ተነሳች።

ሚስቲቱ ሳሎን ውስጥ ነበረች። ሳሎኑ በዋንጫ ተሞልቷል፤ ከዋንጫዎቹ ብልጭታ የተነሳ መብራት ማብራት አያስፈልግም፤ እንዲያውም ጎረቤት መጋረጃ የሚዘጋው በነሱ ምክንያት ነው ይባላል። ወረንጦ ባለቤቷን ትወደው እንደነበር ጠየቀቻት።

«ሳልፈልግ አገባሁት፤ ሳልፈልግ አብሬው አረጀሁ» አለች። «አንቺ ሌላ ነገር ልትጠይቂኝ ነው የመጣሽው። ልንገርሽ፤ አልገደልኩትም። ባስበውማ ኖሮ ሠላሳ ዓመት አልጠብቅም ነበር።»

«ለሚጠሉት ሰው ቤቱን እንዲህ ያሳምራሉ?»

ሴትዮዋ ፈገግ አለች፤ ደስ የማይል ፈገግታ ነው። «ዋንጫዎቹን ማለትሽ ነው። በየጠዋቱ በእጄ ነው የምወለውላቸው። በተለይ ያንን የመጨረሻውን። ሲወይብ የማን ደም እንደሆነ ይረሳል። እንዲረሳ አልፈለግሁም። ፊቱን እያየበት ቁርሱን እንዲበላ ነበር የምፈልገው።»

«ሞዴሏስ? ትናንት ከጎማዋ በላይ ቀጥ ያለ ጭረት አይተውባታል?»

«ማታ እኔ ነኝ አንስቼ በጨርቅ የሸፈንኳት። ሁሉም ነገር ወደ ኋላ የተጎተተ ነበር። ቀጥ ያለ አላየሁም።»

ወረንጦ አመስግና ሞዴል ሠሪው ዘንድ ሄደች።

ሞዴል ሠሪውን ሰፈሩ አስረጂው ይለዋል፤ አዲሱን ነገር ስለሚያስረጅ። እሱም ገደል የገባው የቀይዋ ነጂ ታናሽ ወንድም ነው። ሥራ ቤቱ ከሻምፒዮኑ ግቢ ጀርባ፣ አንድ ጠባብ መንገድ ተሻግሮ ነው። ጠረጴዛው ላይ የተፈጨ ሸክላ፣ የጡብ ዱቄት፣ ጨው፣ ስፖንጅ፣ የጥርስ ብሩሽና ጫፋቸው መርፌ የሚያህል ብሩሾች ተደርድረዋል። ጥግ ላይ አንዲት እድሜ የጠገበች ሴት እጇን ጭኗ ላይ አጣጥፋ ተቀምጣለች።

«እናቴ ናት። አይሰማትም፤ አትድከሚ» አላት አስረጂው።

ሻይ አቀረበ። ለእናቱ አላቀረበም፤ አሮጊቷም ብርጭቆው ሲያልፍ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዞረች። ወንድሙ ከሞተ ወዲህ ሻይ በአፏ አይዞርም አለ። ወረንጦ ራሷን ነቀነቀችና ወደ ሥራው ተመለሰች።

አስረጂው ካስረከበ በኋላ ወደዚያ ቤት እንዳልተመለሰ፣ ጠዋቱን ሙሉ እዚሁ እንደነበረ ነገራት። ስለ ሥራው ስትጠይቀው ግን ሌላ ሰው ሆነ፤ ዓይኑ በራ፣ ምላሱ ተፈታ።

«አዲስ ነገር ውሸታም ነው» አለ። «ምንም ያልደረሰበት ይመስላል። እኔ የደረሰበትን እሰጠዋለሁ። አንድ ዕቃ ሠላሳ ዓመት ኖሮ ካላረጀ ዓይኔ አያርፍም፤ እጄ ራሱ ይሄድበታል።»

«ዘይቱ ሁሉ ወደ ኋላ የተጋደመው ለምንድን ነው?»

«መኪናዋ እየሮጠች ከፈሰሰ ነፋሱ ወደ ኋላ ያስተኛዋል። ቆማ ሳለች ከፈሰሰ ቀጥ ብሎ ይወርዳል።» ድንገት «እንዲህ ነው እንግዲህ ሥራው» ብሎ ብሩሾቹን መሰብሰብ ጀመረ።

ውጤቱ ሲመጣ ቁልፎቹ ላይ ከግራሶ ቅባት በቀር ምንም አልተገኘም። አለቃው «አጥቧቸው ነው» አለ። ወረንጦም ሁሉም ሰው ሥራ ክፍሉ ውስጥ እንዲሰበሰብ ለመነችው። መካኒኩ በካቴናው መጣ። ሚስቲቱ መስኮቱን ተደግፋ ቆመች። አስረጂው ቤት የሚተውላት ሰው የለውምና እናቱን ደግፎ አመጣ፤ ወንበር ሰጥተዋት ረሷት። ያን ዕለት ክፍሉ ውስጥ የነበረው ጸጥታ በቢላ ተቆርሶ ለእንግዳ የሚበቃ ነበር።

«ከአንገቱ እንጀምር» አለች ወረንጦ። «ይህ ሰው ለማንም የማይጎነበስ ነበር። የተመታው ግን ጎንበስ ብሎ፣ ማጉያ ይዞ፣ ከሞዴሏ በታችኛው በኩል አንድ ነገር ሲያይ ነው። ምን ነበር የሚያየው? በዚያ በኩል ዝቅ ካላሉ የማይታይ ነገር አንድ ብቻ አለ። ይህ ጭረት።»

ሁሉም አዩ። አሁን ደርቋል፤ ያኔ ግን እርጥብ ነበር። ማታ ሚስቲቱ ስትሸፍናት ያልነበረ፣ ረፋድ ላይ ሰውየው ሲሞት ያልደረቀ። ስለዚህ ጠዋት የተሠራ ነው፤ በሻምፒዮኑ ፊት የተሠራ ነው።

«ማን ይሠራዋል? ጋሼ እጃቸው ይንቀጠቀጣል፤ እሳቸው ቢሠሩት ጭረት ሳይሆን ጎርፍ ይሆን ነበር። እትዬ ብሩሽ ይዘው አያውቁም። እንዲህ ፀጉር የሚያህል መስመር የሚስብ እጅ እዚህ ውስጥ አንድ ነው።»

«ቀለም መቀባት ሰው መግደል አይደለም» አለ አስረጂው። ድምፁ አልተለወጠም።

«አይደለም። ስለዚህ ወደ ዋንጫው እንሂድ።»

ከሳሎን ያስመጣቻቸውን ዋንጫዎች አንድ በአንድ ጠረጴዛው ላይ ደረደረች። ክፍሉ በራ። በመካከላቸው ያ የመጨረሻው ዋንጫ ብቻ ወይቦ፣ ጆሮዎቹ ሥር ጥቁር ቡናማ ሆኖ፣ ከንፈሩ ላይ የዘመን አቧራ ተቀምጦበት፣ ሽማግሌ መስሎ ቆመ።

«እትዬ፣ ይህን ዋንጫ ለመጨረሻ ጊዜ የወለወሉት መቼ ነው?»

ሚስቲቱ ወደ ዋንጫው አየች። «የዚያን ዕለት ጠዋት። ገበያ ከመውጣቴ በፊት» አለች። «ወልውዬ ነው ከሞዴሏ ጎን ያስቀመጥኩት።»

«ታዲያ እርስዎ ገበያ ደርሰው እስኪመለሱ ሠላሳ ዓመት አረጀ።» ወረንጦ ጥጥ በውሃ ነክራ በዋንጫው ሆድ ላይ አሳለፈች። ውየባው ተገፎ ጥጡ ላይ ቀረ፤ ከሥሩ ነሐሱ አበራ። «ገዳዩ በዚህ ዋንጫ ከመታው በኋላ ዋንጫውን ጠረገው። ሲጠርገው አበራበት። እሱ ያየው የሠላሳ ዓመት ዋንጫ ሲያበራ ነው። እኔ ነኝ ውየባውን የጠረግሁት ብሎ ደነገጠ፤ ከኪሱ ዱቄቱንና ብሩሹን አውጥቶ መለሰለት። ሌላ ሰው ቢሆን አጥቦት ይሄድ ነበር። ይሄኛው ግን የወለወለው ዕቃ ሲያበራ ዓይኑ አያርፍም። ዋንጫው በየጠዋቱ እንደሚወለወል አያውቅማ።» ጥጡን ከጆሮው መጋጠሚያ ሥር አስገብታ አወጣችው። በዚያ ያለው ዱቄት ሳይሆን የደረቀ ደም ነበር። «ሲጠርግ እዚህ ውስጥ አልደረሰም፤ ጨርቁ ወፍራም ነበር።»

አስረጂው ጥጡን ረጅም ጊዜ አየው። ከዚያ እንደ ሸማኔ እጆቹን ዘርግቶ አያቸውና አልካደም።

ከደረት ኪሱ አንድ የወረቀት ቁራጭ አወጣ፤ የድሮ ፎቶ ነው። ቀይዋ በመነሻው መስመር ላይ፣ ውድድሩ ሊጀመር ሲል። ሞዴሏን የሠራው እሱን እያየ ነው። የወንድሙን መኪና ጠባሳ አንድ በአንድ በማጉያ ሲቆጥር፣ ከግራ ጎማዋ በላይ ቀጥ ብሎ የወረደ ጥቁር ጭረት አገኘ። ፍሬኑ ያለበት በኩል። ቆማ ሳለች የፈሰሰ።

«ቀጥ ያለ ነው። ሳትነሳ በፊት አንድ ሰው የፍሬኗን ቧንቧ አላልቶላታል» አለ። «ማን እንደሆነ ግን እርግጠኛ አልነበርኩም። ስለዚህ ጭረቱን ትቼ አስረከብኩ። ከዚያ ‹ፈታ አድርገህ ሠራሃት ወይ› ብሎ በፊቴ ሳቀ። በእናቴ ፊት ሳቀ።»

አስረጂው ፎቶውን እንደያዘ ቀጠለ።

«ጠዋት በጓሮ ገባሁ። አንድ ትንሽ ነገር ቀርታኛለች አልኩት። ጭረቱን ፊቱ ሠራሁለትና ጎንበስ ብለህ እይ አልኩት። አየ። ‹ምንድን ነው ይሄ?› አለኝ። እያወቀ ምንድን ነው አለኝ። አንገቱ እንደተደፋ ነበር፤ ቀና እንዲል አልፈለግሁም።»

መካኒኩ ነበር መጀመሪያ የተንቀሳቀሰው። የታሰሩ እጆቹን ፊቱ ላይ ጭኖ «እኔ አይደለሁማ» አለ። «እኔ አላበላሸሁትማ።» ደጋግሞ ይኸን ብቻ አለ፤ አለቃውም ሳይጠየቅ ካቴናውን ፈታለት። ሚስቲቱ ከመስኮቱ መጥታ አስረጂው ፊት ቆመች፤ ፎቶውን ከእጁ ተቀብላ አየችው፣ መለሰችለትም።

«እጅህ ይባረክ» አለችው፤ በጣም ቀስ ብላ።

አለቃው እንኳ አልገሠጻትም። ወረንጦም ብትሆን፣ እውነቱን ለመናገር፣ በልቧ ፍርዱን ፈርዳ ጨርሳ ነበር። ካቴናው ከሽማግሌው እጅ ወደ አስረጂው እጅ ሲዛወር በክፍሉ ውስጥ ያዘነ ሰው አልነበረም። አስረጂው ራሱ ቀና ብሎ፣ ዋንጫ እንደሚቀበል ሰው ነበር እጁን የሰጠው።

«እስቲ እኔም ልያት» አለ አንድ ድምፅ።

ሁሉም ዞሩ። አሮጊቷ ከወንበሯ ተነስታለች። ግድግዳውን እየዳሰሰች ጠረጴዛው ጋ ደረሰች፤ ጎንበስ ብላ ጭረቱን አየች፣ ጣቷን ከላይ እስከ ታች አስኬደችበት። ፊቷ ላይ ትንሽ ፈገግታ መጣ፤ የቆየ ሰው ያገኘች ይመስል።

«ይቺማ የኔ ሻይ ናት» አለች።

«እማማ» አለች ወረንጦ፤ «ይሰማዎታል እንዴ?»

«ሲጮሁብኝ አልወድም እንጂ ይሰማኛል፣ ልጄ። መነሻው ላይ ለትልቁ ልጄ ሻይ ይዤ ሄድኩ። ከመኪናዋ ሳይወርድ ሊቀበለኝ ሲል እየሳቀ በክርኑ ገፋው፤ እዚህ ላይ ፈሰሰ። ስኳር የበዛበት ነበር፤ ወዲያው አቧራ ያዘው። ልጠርገው ስል ፎቶ አንሺው ገለል በዪልኝ አለኝ።»

መካኒኩ ስለ ፍሬኑ ጠየቃት።

«ፍሬኑማ ምን ሆነ? ብርጭቆውን ሲመልስልኝ ጆሮዬ ላይ ‹ዛሬ በመታጠፊያው ፍሬን አልነካም፤ ዓይንሽን እንዳትጨፍኚ› አለኝ። አልጨፈንኩም። እሱም አልነካም።» ወደ ወለሉ አየች። «ሻምፒዮኑ ምስኪን ያን ጠዋት ከቀይዋ አጠገብ አልደረሰም። ዳር ቆሞ ከኔ ብርጭቆ ሻይ ሲለምነኝ ነበር።»

ሚስቲቱ ወንበሩን፣ ሰውየው የሞተበትን ወንበር፣ ይዛ ተቀመጠች። አስረጂው ካቴናው እየተንቃጨለ ወደ እናቱ አንድ እርምጃ ሄደ።

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«አንተ ስለ መኪናዋ ነው እንጂ ስለ ሻይ መቼ ጠየቅኸኝ?»

ከዚያ የሻርፗን ጫፍ በምላሷ አርጥባ፣ ያኔ የከለከሏትን ልትጨርስ፣ ጭረቱን መጥረግ ጀመረች። ቀለሙ ግን ደርቆ ነበር።